ካርቡራተሬ አረርቲ ወርዷል

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ስማ! ያልሰማህ ስማ! ዛሬ ከጧቱ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ ከአሥራ አንድ ወር ስደት በኋላ፣ የግራው በር እጀታ በክብር ወደ መንበሩ ተመልሷል። ሕዝቡ፣ ማለትም ባለቤቴ አስካለ፣ እልል ማለት ሲገባት «እሰይ፣ አሁን ደግሞ ከውስጥ አልከፈት አለ» ብላ ተቀብላዋለች። እውነቷን ነው። ከውስጥ አይከፈትም። ነገ አየዋለሁ።

የቀረ ሥራ፦
የኋላ መብራት፦ አንዱ ይበራል፣ አንዱ ደስ ሲለው።
የእጅ ፍሬን፦ ጠበቅ ማድረግ።
ጥሩምባ፦ እንደ ፍየል ይጮኻል፤ ግን ይጮኻል።
ካርቡራተር፦ ጥላዬ ጋ።

የሚያስጨንቀኝ የመጨረሻው ነው። ዓርብ ለቦሎ ምርመራ አለብኝ። አምና መርማሪዋ ልጅ የእሜቴን ጭስ አይታ «አባባ፣ ለከርሞም እንዲህ ሆና ከመጣች አላሳልፋትም» ብላኛለች። እሜቴ የምላት ነጯ ቮልሴ ናት። ካላለፈች ግቢ ቆማ የዶሮ ቤት መሆኗ ነው፤ አስካለ የዶሮዎቹን ቀለም ሳይቀር መርጣለች።

ደብረ ብርሃን አየሩ ስስ ነው። ሞተር ቤንዚኑ ይበዛበትና ያጨሳል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ፣ ቤንዚን የምታልፍባትን የነሐስ ፍሬ ቀዳዳ በእርሳስ ደፍኜ፣ እንደገና በቀጭን መብሻ በስቼ፣ ሰባት ጊዜ አበላሽቼ በስምንተኛው በልኳ አበጀኋት። ጭስ የለ፣ ሳል የለ። ፋብሪካ ውስጥ የብርድ ልብስ ማሽን ስጠግን የኖርኩት ለዚህች ቀን ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ የጓደኛዬ የጥላዬ ምርመራ ቀድሞ ደረሰ። የእሱም ቮልስ ታጨሳለች። ምን ላድርግ? ካርቡራተሬን ፈትቼ እሱ ላይ፣ የእሱን እኔ ላይ አሰርኩ። እዚህ ለምርመራ ጎማ መዋዋስ፣ መብራት መዋዋስ ነውር አይደለም፤ ሰው ለሠርግ ካባ ይዋዋስ የለ? «ሰኞ እመልሳለሁ» አለ። ያለፈው ሰኞ ሄደ። ዛሬም ሰኞ ነው። ደወልኩ።

«ነገ፣ ወንድሜ። ነገ።»

ድምፁ ጥሩ አይደለም። ጉንፋን ነው አለ። «አይዞህ፣ ከሞትክ ካምቢዮህን በክብር ነው የምይዝልህ» አልኩት። ሳይስቅ ዘጋው። ጥላዬ ቀልዴን ሳይመልስ ስልክ ዘግቶ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

እጀታው ከውስጥም ተከፈተ። ድል አንድ።

ጥላዬ ቤት ሄድኩ። ጥላዬ ልብስ ሰፊ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ከእኔ ጋር መኪና ሥር ሲተኛ የኖረ ጓደኛዬ። ሰማያዊቷ ቮልሱ ራሱ የሰፋላትን ሽፋን ለብሳ ግቢው ጥግ ቆማለች። ወደ እሷ ስራመድ ከቤት ዘሎ ወጣ፤ በዚያ ጉልበቱ እንዴት እንደዘለለ እንጃ።

«ኧረ እንዳትነካት! ቀለም ቀብቻት አልደረቀም።»

«ምን ቀለም?»

«ያው... ሰማያዊ።»

አሸተትኩ። የቀለም ሽታ የለም፤ የጭድ ሽታ ነው። «ካርቡራተሬስ?» ስለው «ቀለሙ ሲደርቅ ፈትቼ አመጣልሃለሁ» አለ። ፈትቼ! ጥላዬ በአርባ ዓመት ውስጥ ካንዴላ እንኳ ብቻውን ፈትቶ አያውቅም።

ስመለስ መንገድ ላይ መሐላችን ትዝ አለኝ። ዱሮ ነው። ከአንኮበር ስንመለስ እሜቴ ዳገቱ ላይ፣ ጉም ውስጥ ቆመችብን። እዚያው እኔና ጥላዬ እጅ ለእጅ ተጨባብጠን በሥላሴ ስም ማልን፤ ማናችንም መኪናችንን ላንሸጥ፤ ቀድሞ የሞተ መኪናውን ለቀሪው መለዋወጫ እንድትሆን ሊተው። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ከማለቴ በፊት ጎማዎቹን አያለሁ። እሱም ስታመም ሊጠይቀኝ የሚመጣው ካቻቢቴ ይዞ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«ጋሽ በላቸው ነዎት? ከአረርቲ ነው። ሰማያዊዋን ቮልስ የገዛሁት ነኝ። ጋሽ ጥላዬ ናቸው ቁጥርዎን የሰጡኝ፤ ችግር ካለ መካኒኬን ጠይቀው ብለው።»

የእሜቴ በር ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። «የገዛሁት» አለ። «መካኒኬ» አለ። የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አላውቅም።

ሰውዬው ትሑት ነው። ሙሽራ ሊያጓጉዝባት ነው የገዛት። ቆላ ከወረደች ወዲህ ታስላለች፣ ትግላለች፣ ዳገት አትወጣም። በሽታዋን እዚያው በስልኩ አወቅኩት፤ የእኔ ካርቡራተር ነው። ለዚህ ብርድ አገር ቤንዚን ቆጥቦ እንዲሰጥ የሠራሁት፣ አየር የወፈረበት አገር ሲወርድ ሞተሩን አስርቦታል። ይህንን ልነግረው ይገባ ነበር። እኔ ምን አልኩት?

«ደገኛ ናት፤ ቆላው አስደንግጧት ነው። ጧት ከማስነሳትህ በፊት ጋቢ አልብሳትና፣ እንዴት አደርሽ በላት።»

«እሺ አባባ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ለአፍታ ደስ አለኝ። ሐፍረቱ ከምሳ በኋላ መጣ።

ለአስካለ ነገርኳት። አልደነገጠችም። አርባ ሦስት ዓመት አብሬያት ኖሬአለሁ፤ ስታውቅ አውቃለሁ።

«ሰምተሻል እንዴ?»

«ሰምቼ ነበር። ጥላዬ መጥቶ ቀን ምረጪልኝ አለኝ። ከሚካኤል በኋላ፣ በማለዳ፣ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይዘን ልናረዳህ ነበር።»

እንደ መርዶ! ሰው እንደሞተበት ሊያረዱኝ!

«ነጠላዬንም አጥቤ አስቀምጫለሁ» አለች፣ ሳቋን ይዛ። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። መንደሩ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው፤ ከእኔና ከእሜቴ በቀር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ኅዳር እየታጠነ ነው። ከየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ከተማው በጭስ ታፍኗል። ምርመራው ዛሬ ቢሆን ኖሮ እሜቴን ማንም ባልለያት።

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ጥላዬ ግቢ ገባሁ። እንኳን አደረሰህ ሳልል ሽፋኑን ገፈፍኩት። ከሥሩ፦ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የተሰበረ አልጋ፣ የገብስ ጭድ። መስተዋቶቹ በሚሆኑበት ቦታ ሁለት ጣሳ። ልብስ ሰፊ አይደል! ለሌለ ገላ ልክ አውጥቶ አልብሶልኛል።

«ከስታለች» አልኩት። «ምን እያበላሃት ነው?»

«በላቸው፣ ስማኝ...»

«መካኒክህ አይደለሁ? ንገረኛ። ምኑ ጋ ነው የሚያምህ?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ምን ልበለው ሰውዬውን? ጓደኛዬ ነው ብለው፣ ታዲያ ለምን ለጓደኛህ አልተውክለትም ይለኛላ።»

ለምን ሸጥካት አልኩት። ቸግሮህ ነው? አሞሃል? ልጆችህ አስገድደውህ ነው? ምክንያቱን እኔው እያቀበልኩት ነበር፤ አንዱን ቢቀበለኝ ይቅር ልለው። አንዱንም አልተቀበለኝም።

«ወድጃት አላውቅም» አለ። «መኪናዋን። ግሪሱን። በዚያ ውርጭ መሬት ላይ መተኛቱን። ጀርባዬ አለቀ፣ በላቸው።»

«አርባ ዓመት?»

«አርባ ዓመት። አንተ እዚያ ሥር ስለነበርክ ነዋ።»

ደግ ቃል የተናገረ መስሎታል መሰለኝ። እኔን ግን ወጋኝ። መሸጡን እንኳ እችለው ነበር። ስለ ካንዴላ ስነግረው «ኧረ?» ይለኛል፤ ስለ ፍሪሲዮን ስነግረው «ጉድ እኮ ነው!» ይለኛል። ለካ እኔ ስቀድስ እሱ በልማድ አሜን ይል ነበር። የትኛው ሳቁ የእውነት ነበር? አሁን ቁጭ ብዬ ቅዳሜዎቼን አንድ በአንድ ልመርምር?

«መኪናዋ ያንተ ናት፣ ሽጣት። ካርቡራተሩ ግን የእኔ ነው» ብዬ ወጣሁ። በሩን በኃይል መዝጋት አምሮኝ ነበር፤ ቢሰበር የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ ተውኩት።

ቤት ስደርስ የአረርቲውን ሰውዬ ደወልኩለት። ጋቢውን ተወው፣ ቀልዴን ነው አልኩት። እውነቱን ነገርኩት፤ እዚህ የሚያጨሰው የጥላዬ ካርቡራተር ለእናንተ አገር ልክ ነው፣ እሱን ወስደህ የእኔን መልስ። ደስ አለው። «ግን እኮ አባባ፣ ጋቢው ትንሽ ረድቷት ነበር» አለኝ። ውሸቱን እኔን ሊያስደስት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነበር የቀለድኩት።

አሁን ችግሩ ይኸውና። የጥላዬን ካርቡራተር ከፈታሁ እሜቴ ሬሳ ናት። የእኔ እስከ ነገ ካልመጣ ምርመራው አለፈ። ካልፈታሁት ደግሞ እያጨስኩ ሄጄ መውደቄ ነው። ወስዶ የሚያመጣውስ ማን ነው? ያው የካደኝ ሰው። ካቻቢቴውን ይዤ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ፈታሁት። በጨርቅ ጠቅልዬ ለአስካለ ሰጠኋት።

«ለጥላዬ ስጪው። ነገ ካልመለሰ ዶሮዎችሽን ግዢ።»

ተመልሳ «ተቀብሎኝ ኮቱን ለብሶ መኪና ተራ ሄደ» አለችኝ። መንገዱ ሰላም ነው አሉ። ይሁን።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። መርማሪዎቹ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የሚሠሩት።

አራት ሰዓት፦ የለም።
አምስት ሰዓት፦ የለም። ስልኩ ዝግ ነው።
ስድስት ሰዓት፦ አስካለ የሽሮውን ሳህን አስቀምጣ ሄደች፤ ስለ ዶሮ አላነሳችም። ሳትቀልድብኝ ስትቀር ነው የፈራሁት።

አርባ ዓመት ያልወደደውን ነገር ዛሬ ምን ብሎ ይለፋበታል? እያልኩ ነበር።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ጥላዬ፣ እስከ ክርኑ ግሪስ፣ ካርቡራተሬን በቁራጭ የሙሽራ ጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ። ራሱ ፈታው! አንድ ብሎን ጥሏል፣ የሌላውን ጥርስ በልቶታል፣ ከሥሩ የምትነጠፈዋን ወረቀት ቀዷታል። ልጮህበት አፌን ከፈትኩና እጆቹን አየሁ። ተልጠዋል።

«ከካርቶን ቁረጥልኝ» አልኩት።

ቆረጠ፤ በራሱ መቀስ፣ ልክክ ያለች። ከ«ያዝ» እና «ልቀቅ» ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። እሜቴ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች፤ ሁለታችን ይዘናት ወደ ምርመራው ሄድን።

መርማሪዋ ከኋላ ቆማ ጭስ ጠበቀች። «የት ሄደ አባባ?»

«ትናንት ታጥና ጨረሰች።»

ሳቀች። ጥሩምባውን ስትሰማማ ጭራሽ እንባዋን ጠረገች። አለፈች!

በመመለሻችን ጥሩምባውን አንዴም አልነካሁትም። ጥላዬ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። ቤቱ ደጅ ሳወርደው «ነገ ልምጣ?» አለኝ።

«ምን ልትሠራ?» አልኩት።

የተላጡ እጆቹን እያየ ወደ ግቢው ገባ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

መጣ። በንጹሕ ኮት። በአርባ ዓመት ውስጥ በንጹሕ ኮት ቅዳሜ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። በርጩማ ፀሐዩ ላይ አድርጎ አስካለ የሰጠችውን የተተረተረ የትራስ ልብስ ይሰፋ ጀመር። እኔ ከመኪናዋ ሥር ነኝ።

ስለ ካምቢዮ ዘይት ማውራት ጀመርኩና አቆምኩ። ታዲያ ምን ይወራል? እሱ ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«አንተ አሁን ብትሞትብኝ እሜቴን ምን ላደርጋት ነው?»

«ልብስ ስፋላት።»

ሳቀ። የእውነት ይሁን አይሁን ከሥር ሆኜ ለመለየት ሞከርኩ። አልቻልኩም። ነገ ጾም ስለሚገባ አስካለ ለቅበላው ምሳ እንዲቆይ ነገረችው፤ ቆየ፤ በልቶ ሄደ። ይቅር አልኩት? እንጃ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ና አላልኩትም። አትምጣም አላልኩትም።

ማክሰኞ የጻፍኩትን አሁን ደግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ፈጥሬበታለሁ። እሜቴ አንኮበር ዳገት ላይ መቆሟ እውነት ነው፣ ጉሙም እውነት ነው። የማልኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። እጅ ለእጅ አልተጨባበጥንም፤ እሱ በአንድ እጁ ባትሪ ያበራልኝ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዞልኝ ነበር። «አንተስ አትምልም?» ስለው የመለሰልኝ ይህንን ብቻ ነው፦ «ቶሎ በል በላቸው፣ በረደኝ።»