በካሴቱ ልክ

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 11፡20

ያው ቅዳሜ፣ ያው ፍራሽ፣ ያው ክርክር። የድሮ ተማሪዬ አብዲ ፋርማሲውን ለሠራተኛው ትቶ ከጀርባ ባለው ክፍል የጫት በርጫ ላይ አስቀምጦናል። ማራገቢያው ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ከማዞር በቀር ሥራ የለውም። ማን ይበልጣል፣ ፊሽካ ወይስ ዲናሞ? ጉልበትና ከፍታ አንድ አይደሉም ብዬ ለስንተኛ ጊዜ አስረዳሁ። ዲናሞ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል፤ ፊሽካ ይቀጥናል፣ ይወጣል። ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የሰማኝ የለም። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ ፍራሽ ላይ ግን ሁሉም ፕሮፌሰር ነው።

አንቺ አዲስ ደብተር ነሽ፣ ላስረዳሽ። በልጅነታችን የሮክ ካሴት ከጅቡቲ ድሬዳዋ በባቡር ነበር የሚመጣው። ሽፋን የለው፣ ስም የለው። ዘፋኞቹን ራሳችን ሰየምናቸው። እንደ ባቡር የሚጮኸውን ፊሽካ አልነው። ወፍራሙን ዲናሞ። ትክክለኛ ስማቸውን ኋላ ብናውቅም ለእኛ ዛሬም ፊሽካ ፊሽካ ነው።

ከዚያ የራሳችን ሰው ሙክታር። (ከዚህ በኋላ ሙ.) የሰፈራችን ባንድ ድምፃዊ ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በተመለስኩ ዓመት፣ የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ የፊሽካን ዘፈን በከተማው ክበብ አዳራሽ ሲዘፍን ቀዳሁት። ሙዚቃ ቤት አባዝቶ በሸጠው ካሴት ላይ የመጨረሻዋ ጩኸት ከፊሽካ በአንድ ሙሉ ቶን፣ ከዶ እስከ ሬ ባለው ያህል፣ ከፍ ትላለች። ከፒያኖ ጋር አስተያይቼ ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። «ሜትር» የሚሉኝም ከዚያ ወዲህ ነው። በሙ. ነገር ክርክር በተነሳ ቁጥር የማሸንፈው በዚያች ቶን ነው።

የዛሬው ዜና፦ አብዲ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ ቴሌግራም ላይ ለቆታል። ወጣቱ አብዷል። ግንቦት 16፣ በዚያው አዳራሽ፣ ሙ. ከዛሬ ልጆች ባንድ ጋር ይዘፍነዋል። በካሴቱ ልክ። እሱም እሺ ብሏል። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ። ከቀኑ 10፡00

ከት/ቤት ወጥቼ መጋላ ገበያ ወረድኩ፣ ሙ. ሱቅ። የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። በጣውላው ላይ ከብሎንና ከፍሬን ሽቦ መሐል ዝንጅብል በማር በብርጭቆ አስቀምጧል። ትናንት ከልጆቹ ጋር ተለማምዷል። ጩኸቷ ላይ አልደረሰም፤ አንገቱን ይዞ እዚህ ጋ ትቆማለች ብሎ አሳየኝ። «አቦ ሜትር፣ ያንን ልጅ ከየት ላምጣው?»

ቆጣ አልኩ። ትንፋሽ ከሆድ እንጂ ከጉሮሮ አይደለም አልኩት። የልምምድ ፕሮግራም በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፣ ጠዋት ሃያ ደቂቃ፣ ማታ ሃያ ደቂቃ። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። አንድ ደንበኛ መጥቶ ካንዴላ ጠየቀ። ሙ. በሹክሹክታ መለሰለት፤ ድምፁን እየቆጠበ ነው።

ቴሌግራም ላይ አንድ ጎረምሳ ካሴቱ በኮምፒውተር የተቀነባበረ ነው ብሎ ጽፏል። ሦስት አንቀጽ መለስኩለት። ውሸታም ተብዬ አላውቅም።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ። ከጠዋቱ 4፡15

ትምህርት የለኝም። ጎረምሳውን በቁጥር ላሳፍረው ተቀመጥኩ።

ከዘፈኑ በፊት ጥቂት ሰከንድ ዝምታ አለ። በዝምታው ውስጥ የኤሌክትሪኩ «ዝዝዝ» ይሰማል፣ ከማጉያው የገባ። የአገራችን መብራት ሃምሳ ሄርዝ ነው። ተማሪዎቼ በእንቅልፋቸው ያውቁታል። ለካሁ። ሃምሳ ስድስት።

እንደገና። ሃምሳ ስድስት። አራት ጊዜ ለካሁ።

የአብዲ ቴፕ ይሆናል ብዬ ደወልኩ። ሌላ የምናውቀውን ካሴት አስገብቶ ላከልኝ፤ ልክ ነው። ጄኔሬተር ይሆን? ያን ቀን ጄኔሬተር አልነበረም፣ ሽቦውን የዘረጋሁት ራሴ ነኝ። ከ «ዝዝዝ» ቀጥሎ እኔ ማይክ ስሞክር እሰማለሁ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት»። ድምፄ እንደ ልጃገረድ ቀጥኗል። ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ።

ቀበቶው።

የመቅረጫዬ ቀበቶ፣ ካሴቱን የሚያዞረው የሞተር ላስቲክ፣ ያን ሳምንት ተበጥሶ ነበር። ድሬ ውስጥ አልተገኘም። ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በመቀስ ቆርጬ፣ በሙጫ አያይዤ ሠራሁለት። እንዴት ኮርቼ ነበር! ላስቲኩ ወፍራም ነው፣ ይንሸራተታል፤ መቅረጫው ዘገም እያለ ቀድቷል። በራሱ ላይ ሲጫወት ልክ ይመስላል፣ በቀዳበት ፍጥነት ነው የሚያጫውተው። እኔ ቤት ልክ ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ወስዶ በራሱ ማሽን ሲያባዛው ግን ፈጠነ። ቀጠነ። ሃምሳ ስድስት ለሃምሳ። አንድ ሙሉ ቶን።

በካሴቱ ላይ ጊታሩም ከፍ ብሎ ነበር፤ ጊታሪስታችን ኢሳያስ በጆሮው ስለሚቃኝ፣ ያን ቀን ከፍ አድርጎ ቃኝቶ ይሆናል ተባብለን አለፍነው። እሱም ሞቷል። ከበሮው እንዴት ይበራል እያልንም ሠላሳ ዓመት አድንቀናል።

ማንም አያውቅም። እኔና አንቺ ብቻ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 11፡40

በርጫ። ስለ ፊሽካ ሲከራከሩ ቅጠሌን ስለቅም ቆየሁ። አብዲ ቲቸር ዛሬ ባትሪዎ አልቋል እንዴ ብሎ አሳቃቸው። ለወትሮው በልኩ እመልስለት ነበር።

ሙ. ዘግይቶ መጣ። ድምፁ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ። ኪሱ ውስጥ መሐረብ፤ ጥጉ ላይ ደም። ትናንት ሲለማመድ ነው። የጉሮሮ ሐኪም አይቶታል፦ ከድምፅ ክሩ ላይ ትንሽ የደም ሥር ፈንድታለች፤ እስክትድን መጮኽ ክልክል፤ ከጮኸ መናገሩንም ሊያጣ ይችላል። አብዲ ደነገጠ፣ ይቅር እንሰርዘው አለ። ሙ. ራሱን ነቀነቀ። ማንም ሳይጠይቀው ያወራ ጀመር። እንዳይደክም ጠጋ ብለን ሰማነው፤ እኔ ከሁሉም ቅርብ ነበርኩ።

ለምን ዘፈን እንዳቆመ ነው የነገረን። ነጋዴ ሆነ፣ አገባ፣ ተወው ስንል ኖረናል። አይደለም።

«ካሴቱ ከወጣ በኋላ በየመድረኩ ሕዝቡ በካሴቱ ልክ፣ በካሴቱ ልክ ይለኛል። እሞክራለሁ፣ አልደርስም። አንድ ጊዜ ብቻ የደረስኩበት ነገር። በሃያ ስድስት ዓመቴ ድምፄ ሞተ ብዬ ተውኩት ወላሂ። አሁን ከመሞቴ በፊት አንዴ ልድረስባት።»

አብዲ አይኑን ጠረገ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ፤ ሙቀቱ ያስወጣኝ አስመስዬ።

ግንቦት 10፣ እሑድ። ከቀኑ 6፡00

ምክንያት እየደረደርኩ ነው፣ ታዘቢኝ። ብነግረው ያለችውን አንዲት ክብር እወስድበታለሁ። ብነግረው ጎረምሳው እውነቱን ነው ይባላል። ብነግረው ሜትር ማነው? ሁሉንም የሚለካ፣ የራሱን ቀበቶ ያልለካ። የመጨረሻዋ ምክንያት እውነተኛዋ ናት። ከላይ ያሉት ጌጥ ናቸው።

አንድ ተማሪ ሙከራ አበላሽቶ ውጤቱን ቢደብቅ ዜሮ እሰጠዋለሁ። ስንቱን ሰጥቻለሁ።

ባለቤቴ ሰላም «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ ጮኽኩባት። የጮኽክበት ሰው እኔ አይደለሁም አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልክ ናት። አበሳጨችኝ።

የፊሽካን ዘፈን ከፈትኩ። የሙ.ን ካሴት ወደ ሃምሳ አውርጄ አጠገቡ አጫወትኩ። ጩኸቷ ከፊሽካ ጋር እኩል ናት። እኩል! ደጋግሜ ለካሁ። የመጋላ ልጅ፣ አስተማሪ የሌለው፣ በጎማ ላስቲክ ተቀድቶ፣ ዓለም ከሚያውቀው ሰው እኩል። ይሄ አልበቃንም ነበር?

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 11፡00

ነገርኩት።

ላፕቶፑን ከብሎኖቹ መሐል አስቀመጥኩ። ሱቁ ውስጥ እኛ ብቻ። መጀመሪያ የምናውቀውን አጫወትኩ፤ በጣቱ ጣውላውን እየመታ ሰማ። ከዚያ ያወረድኩትን። ዘፈኑ ረጋ አለ፣ ድምፁ ወፈረ። ጣቱ ቆመ። እስከ መጨረሻው ሰማ። ድገመው አለ በእጁ። ደገምኩት።

«ይሄ የኔ ጉሮሮ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ያኛውስ ማን ነበር?»

«የኔ ቀበቶ።»

ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ሃምሳና ስለ ሃምሳ ስድስት ዘረዘርኩ። ቁጥር ስናገር ድምፄ ጥሩ ነበር። ቁጥሩ ሲያልቅ ላፕቶፑን ከደንኩ። ሙ. የጻፍኩለትን የልምምድ ፕሮግራም ከኪሱ አውጥቶ ዘርግቶ አየው፣ እንደ ሐኪም ማዘዣ። አጥፎ መለሰልኝ።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ከቀበቶ ጋር ስወዳደር ነበር?»

ይቅርታ አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት፣ ትንሽ ነበር። እሱ ወደ በሩ ሄዶ መዝጊያውን እስከ ወገቤ አወረደው፤ ጎንበስ ብዬ እንድወጣ።

«ሂድ፣ ሜትር። አሁን ሂድ።»

ግንቦት 14፣ ሐሙስ። ከቀኑ 9፡30

ስልክ አያነሳም። ሱቁ ትናንትም ዛሬም ዝግ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው፣ ሰውዬው ደህና ነው፣ ሐርላ መንደር እህቱ ጋ ወጥቷል አለኝና ምን አደረግከው በሚል አይን አየኝ። ወይም ለእኔ እንዲያ መስሎኝ ነው።

አብዲ ደወለ። ሙ. ለልጆቹ ባንድ መልእክት ልኳል፣ ዘፈኑን አንድ ቶን አውርዱት ብሎ። ምክንያት አልሰጠም። አብዲ ተቆጥቷል፤ ሰው በካሴቱ ልክ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ቲቸር እርስዎ ይንገሩት አለኝ። እነግረዋለሁ አልኩ። ሌላ ምን ልበል።

ጎረምሳው ቴሌግራም ላይ ዛሬም ጽፏል። አልመለስኩለትም። ግማሹ ትክክል ነው፤ ግማሽ ትክክል የሆነ ሰው ያናድደኛል።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 7፡10

ጠዋት ከሙ. የድምፅ መልእክት መጣ። በሹክሹክታ። ስድስት ጊዜ ሰማሁት፣ ለአንቺ ቃል በቃል ላስቀምጠው፦

«ሜትር፣ እዘፍናለሁ። በራሴ ልክ። መጨረሻዋን አልጮኻትም፣ ሐኪሙን ሰምቻለሁ፤ እሷን አዳራሹ ይጩኻት። አንተ ግን ከእኔ በፊት ውጣና ማይክ ያዝ። ለኔ የነገርከኝን ለእነሱ ንገራቸው፣ እኔ ፊት። ከፊሽካ እኩል መሆኔንም። እሱን እንዳትረሳ አቦ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለም። ፈልጌ ነበር፣ የለም።

እወጣለሁ። ይኸው ተጻፈ፣ አልመለስበትም።

መልእክቱ እንደደረሰኝ ጎረምሳውንም አዳራሽ እንዲመጣ በቴሌግራም ጠራሁት። አብዲ በባጃጅ ሊወስደኝ በ7፡30 ይመጣል። የምናገረውን ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። የመጀመሪያው በሄርዝ የተሞላ ነው፣ ቀደድኩት፤ ከቁጥር ጀርባ መደበቅ ነው። ሁለተኛው ስለ ራሴ ያለቅሳል፣ ቀደድኩት። ሦስተኛው አጭር ነው። በወረቀት አልይዘውም። አንቺ ላይ ልጻፈውና ልሂድ፦

ሜትር የምትሉኝ እኔ ነኝ። ካሴቱን የቀዳሁት እኔ ነኝ። መቅረጫው ተበላሽቶ ነበር፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ሙክታር ድምፁ ወርዶ አያውቅም። ከካሴቱ ያነሰ የመሰለው…

ባጃጁ መጣ። ቀደም አለ። ቀሪውን እዚያው እናገረዋለሁ።