የሲስተር ዘነበች ክንድ

ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1982 ዓ.ም.

የሆስፒታሉ አልጋ ሁሉ በቁስለኛ ወታደር ስለ ሞላ እናቴን ከነሕመሟ ወደ ቤት ካመጣኋት ስድስተኛ ቀኗ ነው። ሆዷ ውሃ እንኳ አይቀበልም። በሕይወት ያቆያት፣ ሲስተር ዘነበች ከሆስፒታሉ ጧትና ማታ እየመጣች የምትሰካላት ግሉኮስ ነው።

ዛሬ ጧት ሲስተር ስትገባ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«ከጦሩ ጋር ሂጂ ተብያለሁ። ከእንግዲህ የምትሰኪላት አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ከጠመኔ በቀር ምን ይዤ አውቃለሁ?» አልኳት።

እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ።

«በእኔ ተለማመጂ።»

ሁለት ጊዜ ሳትኩ። ክንዷ አበጠ። እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ «መርፌውን ዝቅ አድርጊው፣ አትቸኩይ» ትለኛለች። በሦስተኛው ደሟ ወደ ቱቦው ብቅ ሲል ሁለታችንም አለቀስን።

እናቴ ከአልጋዋ ሆና ስታየን ነበር። «እግዜር በሰላም ይመልስሽ፣ ልጄ» አለቻት። ሲስተር ጉልበቷን ስማ ወጣች።

ማታ ራሴ ሰካሁላት። የእናቴ ደም ሥር እንደ ክር ቀጥኗል፤ ሦስት ጊዜ ወጋኋት። አንዴም አላቃሰተችም። ጠብታው መውረድ ሲጀምር ዓይኗን ገልጣ «ስንት ጠርሙስ ቀረን?» አለችኝ።

ብዙ አለ አልኳት። የቀረው አንድ ነው።