ዘሩን ሳልጠይቅ ስለገዛሁት የጌም ማሽን

ለክቡር የጌም ማሽን ሠሪው ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቤተሰብዎና መሐንዲሶችዎስ ደህና ናቸው? እኛ እንጅባራ ዝናቡም ብርዱም ተስማምቶን አለን። አዲሱ ማሽንዎም ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ኔትወርክ እየጠበቀ ነው።

ይህን የምጽፍልዎ ደረቴን ነፍቼ ጌም ቤት የከፈትኩ ሰው ነኝ። ማሽንዎን ለመግዛት ዳማ ፈረሴን ሸጫለሁ። ገዢው፣ የዳንግላው አቶ ይኸነው፣ ገና ልጓሙን ሳይነኩ እናቱ ድልድይ ላይ ትደነግጥ እንደሆነ፣ አያቱ ይራገጥ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ዋሉ። እኔም በልቤ ሳቅሁባቸው። ማሽንዎን ስገዛ የጠየቅሁት አዲስ መሆኑን ብቻ ነው። አዲስ ነው አሉኝ፤ ተሸክሜው ገባሁ።

አቤቱታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ፦

፩. የማሽንዎን ቅድመ አያት በልጅነቴ አውቀዋለሁ። ካሴት የሚጎርስ፣ እምቢ ሲልም እፍ ሲሉበት የሚታረቅ ጨዋ ነበር። አያቱ ያሸነፍነውን እንዲያስታውስልን ለብቻው የሚሸጥ ሜሞሪ ፈለገ። እናቱ ኔትወርክ መጠየቅ ጀመረች፤ ዝም ስንላት ግን ትተወን ነበር። ልጅየው ሲዲ የሚጎርስበት አፍ እንኳ የለውም፤ ሁሉን ነገር ከኔትወርክ ይጠብቃል። በየትውልዱ ከእጃችን አንድ ነገር እየወሰዱ እንደመጡ ሳይደብቁ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ያላየሁት እኔ ነኝ።

፪. ግድግዳ ሙሉ ሲዲ አለኝ። ደንበኞቼ ኳስ ሊጫወቱ መጥተው ስክሪኑ ላይ የሚዞረውን ክብ ነገር አይተው ይሄዳሉ። እነሱም መምጣት እየተዉ ስለሆነ ቤቱን መዝጋቴ አይቀርም። በጥር የፈረሰኞች በዓል ደግሞ ጓደኞቼ ሲጋልቡ እኔ ዳር ቆሜ አጨበጭባለሁ፤ ለእግሬ ጤንነት ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፫. ሦስተኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። አባቴ አቶ ስማቸው የሚዞረውን ክብ ሲያዩ ቆይተው፣ «የፈረሱን እናት ተጠይቀህ መለስህ። የዚህን እናት ማንን ጠየቅህ?» አሉኝ። ያሳፈረኝ ማንንም መጠየቅ የማያስፈልገኝ መሆኑ ነው፤ እናቱም አያቱም እኔው ቤት መደርደሪያ ላይ ነበሩ።

ለሚቀጥለው ማሽንዎ መልካም ልደት፣ ለእኔም ትንሽ ልቦና እየተመኘሁ፣

የቀድሞው ፈረሰኛ፣ የአሁኑ እግረኛ፣
ታማኝ ደንበኛዎ ባንተአምላክ ስማቸው
ከእንጅባራ

ማስታወሻ፦ ትናንት አቶ ይኸነው ዳማን ተቀምጠው በደጄ ሲያልፉ፣ ፈረሱ ጌም ቤቱ በር ላይ ቆሞ አልሄድም አላቸው። ወጥቼ ግንባሩን አሸሁለት። የእርስዎ ማሽን በየማለዳው ስሜንና የይለፍ ቃሌን ተቀብሎ አላውቅህም ይለኛል። የሸጥኩት ፈረስ ግን ያለ ኔትወርክ አወቀኝ።