ኩባያው ሥር ያለው ክኒን

ይድረስ ለምሳሳልሽ እማዬ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? ደም ግፊትሽ አደብ ገዛ ወይ? አባባስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁና ሲጢጥ ከሚለው የቢሮ ወንበሬ በቀር የሚያስከፋኝ የለም።

«ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ትውላለህ?» ብለሽኝ ነበር። ሳበላሽ ነው የምውለው፤ አትሳቂ። ለሆስፒታል የምንሠራው ፕሮግራም ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተከፋፍሎ የሚሠራ ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ከእሱ ኮምፒውተር ተልኮ በነርሶቹ ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል። እኔ ደግሞ ይህን የሚፈትን ሌላ ፕሮግራም እጽፋለሁ፤ በራሱ ጊዜ መስመር ይቆርጣል፣ ኮምፒውተር ያጠፋል፣ ከዚያ የጎደለ ወይም የበዛ ትእዛዝ እንዳለ ያጣራል። አንቺ በር ቆልፈሽ ከሄድሽ በኋላ ተመልሰሽ እንደምትገፊው ማለት ነው።

ፕሮግራሙ ሆስፒታል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ከመቶ ፈተና አንዱ ይወድቅ ጀመር። «አይዞን» የምንለው አለቃችን «ድገመው፣ ያልፋል» አለኝ። እውነትም ሲደገም ያልፋል። እኔ ግን ነገር ካልገባኝ እንደማልተኛ ታውቂያለሽ፤ እግር በእግር ተከታተልኩት። ለካ ትእዛዙ ደርሶ «ደርሷል» የሚለው መልስ መንገድ ላይ ሲቀር የሐኪሙ ኮምፒውተር ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ይልካል! በሽተኛው አንዱን መድኃኒት ሁለቴ ሊወስድ ነው። ክው አልኩ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በር ስታንኳኳ የግፊት ክኒንሽን መዋጥሽን ረስተሽ፣ ደግመሽ ውጠሽ የወደቅሽበት ቀን ታየኝ።

አይዞንም ሲያየው ደነገጠና ፕሮግራሙ ሆስፒታል የሚገባበት ቀን ተራዘመ። የደረሰ ትእዛዝ ተደግሞ ቢመጣ እንዳይጻፍ ሌላ መዝገብ ላይ ምልክት እንዲደረግለት አደረግን። ፈተናዬ ትእዛዙ ተጽፎ ምልክቱ ሳይደረግ መሃል ላይ ኮምፒውተሩን አጠፋው፤ እንደገና ሁለት ሆነ። ግራ ገብቶን ሳለ እህቴ ደወለች። ከወደቅሽ ወዲህ የነገውን አንድ ክኒን ማታ የተደፋ ኩባያ ሥር ታስቀምጫለሽ አሉ፤ ጠዋት ኩባያውን አንሥተሽ ካጣሽው ውጠሻል ማለት ነው። እኛ ምልክቱን ሌላ ቦታ ስንፈልግ ያንቺ ምልክት ክኒኑ ራሱ ነው! ትእዛዙና ምልክቱ ወይ አንድ ላይ እንዲጻፉ ወይ ሁለቱም እንዲቀሩ አደረግን። አሥር ሺህ ጊዜ ፈተንኩት፣ አንድም አልወደቀ። አይዞን «ማን አስተማረህ?» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ «እናቴ» አልኩት።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ማታ ክኒኑን ስታስቀምጪ በር ቢንኳኳ፣ ረስተሽ ሁለት አታስቀምጪም?

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ለእህቴ ብዙ ሰላምታ፤ ማታ ማታ ኩባያውን ገልጣ ትይልኝ። ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በይልኝ፤ ክኒን በምታስቀምጪበት ሰዓት ሆን ብላ ታንኳኳ። ካልተሳሳትሽም ነገ ደግማ ታንኳኳ። ኮምፒውተር ሲወድቅ እዚሁ ሆኜ አስነሣዋለሁ፤ አንቺ ስትወድቂ ግን እጄ አይደርስም።

ልጅሽ
ከቢሮዬ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን