በኤርሲዶ ስም የተከፈተው አካውንት

ሰኞ
ዲስኩ ይንጫጫል። ተመስገን ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና «እትዬ ወርቄ፣ ውስጡ ያለውን ቶሎ ካላወጣነው ጨርሶ አይነበብም» አለኝ። ለመድኃኒት ቤቶች የምንሸጠው ፕሮግራም እዚያ ላይ ነው። የሆሳዕና፣ የዱራሜና የጃጁራ ደንበኞቼ መረጃም እንደዚሁ። ተመስገንና ሰላማዊት የሚባሉ ሁለት ፕሮግራመሮች ቀጥሬ ከሱቄ ጀርባ ያሠራሁት ሁሉ በአንድ ዲስክ! ሌላ ነጋዴ ቢያደርገው እስቅበት ነበር።
ኢንተርኔት ላይ፣ ልጆቹ «ደመና» የሚሉት ጋ፣ መቀመጥ አለበት። የትኛው ድርጅት ጋ?

ማክሰኞ
አዲስ አበባ ያለው ድርጅት በብር ይቀበላል። ደወልኩ።
«መብራት ሲጠፋስ?»
«ጄኔሬተር አለን።»
«ነዳጁ ሲያልቅስ?»
«ምን አሉኝ?» አለ ልጁ። ተውኩት።
ከውጭ አገሮቹ ሁለት ድርጅቶች ተመስገን ስመ ጥሩውን ይፈልጋል። ሰላማዊት ግን ሁለቱንም ሞከረቻቸው። መስመር ሲቋረጥ አንዱ ከዜሮ ይጀምራል፤ ሌላው ካቆመበት ይቀጥላል። በዚህ ከተማ መስመር ምን ሥራ አለው፣ መቋረጥ ነው። የሚቀጥለውን መረጥን።
ክፍያው ግን በውጭ አገር ካርድ ብቻ ነው።

ረቡዕ
ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው የአክስቴ ልጅ ኤርሲዶ በካርዱ ከፈለልን። በቫይበር ሳቀብኝ።
«ወርቄ፣ ንብረትሽን ደመና ላይ? ዝናብ ቢመጣስ?»
«አንተ ክፈል እንጂ፣ ጃንጥላውን እኔ እይዛለሁ።»
አካውንቱ በእሱ ስም ነው፤ የማረጋገጫ ቁጥሩም የሚመጣው በእሱ ስልክ። ሰላማዊት አልወደደችውም። «በራስዎ ቢሆን ይሻል ነበር» አለች። ካርዱን ከየት ላምጣ?

ሐሙስ
ላፕቶፑ ቦታ የለውም። ከዲስኩ ትንሽ ትንሽ እየገለበጥንበት፣ ወደ አካውንቱ እየላክን፣ የተላከውን ከላፕቶፑ እያጠፋን ዋልን። እንዳለቀ ዲስኩ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነበበም። ቀደምነው! ልጆቹን ክትፎ ጋበዝኳቸው።

ዓርብ
የዱራሜው መድኃኒት ቤት ኮምፒውተር ተበላሸ። መረጃውን ልናወጣለት ስንል አካውንቱ አዲስ የማረጋገጫ ቁጥር ጠየቀ። ኤርሲዶ ስልክ አያነሳም። ባለ መድኃኒት ቤቱ «የትኛው መድኃኒት ጊዜው እንዳለፈበት ሳላውቅ ለሰው ልሽጥ?» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው።
ኤርሲዶ አሁንም አያነሳም።

ቅዳሜ
ኤርሲዶን ሱቁ ውስጥ በጥይት ገደሉት።
አክስቴ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ከጎኗ ተቀምጬ አለቀስኩ። እያለቀስኩ ስልኩ ማን እጅ እንደገባ አስብ ነበር። ይህን ለማንም አልናገርም።

እሑድ
አብሮት ይሠራ የነበረው ላምቤቦ ድንኳኑ ውስጥ እያለን ደወለ። በመጀመሪያ አስከሬኑ መቼ እንደሚመጣ ጠየቅሁት። ቀጥዬ «ስልኩስ?» አልኩ።
«እኔ ጋ ነው፤ ግን ተቆልፏል።»
አክስቴ ቀና አለች። «ስልኩን ምን ትፈልጊዋለሽ?»
«ፎቶዎቹ እንዳይጠፉ ብዬ ነው» አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ።
እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። «ተባረኪ። ሲሄድ ጢም እንኳ አልነበረውም። አሁን ምን እንደሚመስል ልየው፤ አውጪልኝ።»

ሰኞ
ቁጥሩ ስልኩ ተቆልፎም ይታያል። ላምቤቦ አነበበልን፣ ሰላማዊት አስገባች፣ ተከፈተ። አካውንቱን ወዲያው ወደ ራሴ ስልክ አዞርነው። ሁሉም በቦታው አለ። የዱራሜው ሰውዬ ደውሎ መረቀኝ።
ፎቶዎቹን ለማውጣት ግን ስልኩ መከፈት አለበት። መክፈቻውን ከኤርሲዶ በቀር የሚያውቅ የለም።
አክስቴ ሁለቴ ልካብኛለች። ሥራ በዝቶባታል በሏት አልኩ። አስከሬኑ ሐሙስ ይገባል። ያን ቀን መሄዴ አይቀርም።