የባንክ ደሞዜና የአባዬ ዓይን

ውድ አባዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነዎት? አክስቴ ዙቤይዳስ ደህና ናት? የጨፋው ሙቀት እንዴት አደረገዎት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ደብዳቤ እንደዚህ ይጀመራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ግን ደህና አይደለሁም።

ከባንክ ተመልሼ ሻርፔን እንኳ ሳላወልቅ አልጋዎ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። እርስዎ ከእንግዲህ ማንበብ አይችሉም። እዚያ ቤት ፊደል የምትለየው የአክስቴ ልጅ መሊካ ብቻ ናት፤ እሷም ስታነብ ጎረቤቱን ሁሉ ታሰማለች። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ አይላክም። "የማይላክ ደብዳቤ ምን ይሠራል?" ይሉኝ ነበር ቢሰሙኝ። ትናንት በስልክ የነገርኩዎት ነገር እህል አላስውጥ ብሎኛል። የሆነ ቦታ ካላስቀመጥኩት ነገ ባንክ መስኮት ላይ ሆኜ ለማላውቀው ሰው የምዘረግፈው መሰለኝ።

እማ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገኝ የስፌት መኪናዎ ነው። ከሚሴ ላይ በድሩ ልብስ ሰፊው ሲባል የማያውቅ አልነበረም። የሙሽራ ቀሚስ፣ የደረሳ ጀለቢያ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ሁሉም በእጅዎ ያልፍ ነበር። ኮሌጅ ስገባ "ይሄ አካውንቲንግ የምትይው ምንድነው?" ብለው ጠየቁኝ። ሳስረዳዎት ሜትርዎን ከአንገትዎ ላይ አውርደው "በይ እንግዲህ፣ እኔ ሰው ስለካ ኖርኩ፣ አንቺ ደግሞ የሰው ብር ለኪ" አሉና ሳቁ። የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ በዚያ መኪና ሰፍተው ከፈሉልኝ።

ከዚያ ክር መርፌ ውስጥ አልገባ አለዎት። መጀመሪያ የወቀሱት ክሩን ነበር። "የዘንድሮ ክር ጫፉ ይበተናል" ይሉ ነበር። ቀጥሎ መብራቱን ወቀሱ። የደንበኛዎን የጀሚልን ልጅ የሰርግ ሱሪ አንዱን እግር አሳጥረው ሲሰፉት ግን የሚወቅሱት ነገር አጡ። ጀሚል ጨዋ ሰው ነው፣ አመስግኖ ተቀበለ፤ ልጁን ግን ሌላ ሰፊ ጋ ወሰደው። እርስዎ ያን ቀን ሱቁን ቀደም ብለው ዘጉ።

ደሴ ሄደን ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰማን። ግላኮማ ነው፣ የዓይን ግፊት፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት ጠብታው አንድም ቀን መቋረጥ የለበትም። መኪና ውስጥ ስንመለስ እኔ አለቀስኩ፣ እርስዎ ግን ረዳቱን ስለ ቲማቲም ዋጋ ይጠይቁት ነበር።

ባንኩ አማርኛም ኦሮምኛም የምትችል የግማሽ ቀን ቴለር እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ያወጣው ያኔ ነው። ጠዋት ኮሌጅ፣ ከሰዓት በኋላ ባንክ። አላህ የከፈተው በር መስሎኝ እየሮጥኩ መጣሁ። እስከ መጨረሻው ከሰሙኝ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"በወለድ የሚያበድር ቤት ነው?"

"አዎ አባዬ።"

"ሥሪ" አሉኝ። "በአንቺ ላይ አልፈርድም። ትምህርትሽን ጨርሺ። የእኔ ጉሮሮ ግን አያሳልፈውም።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ሁለተኛ የዱቄት ባልዲና ሁለተኛ የስኳር ጣሳ ገዝተው መጡ። አንዱ የእርስዎ፣ በስፌት የተገዛ፤ አንዱ የእኔ፣ በባንክ የተገዛ። አንድ ቤት፣ አንድ ምድጃ፣ ሁለት ጓዳ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ይስቁብኝ ነበር፤ "የእኔ ሻይ ስኳር ስኳር ይላል፣ ያንቺ ወለድ ወለድ ይሸታል" እያሉ። እኔም "የእርስዎ እንጀራ ክር ክር ይላል" እል ነበር። ከመብላትዎ በፊት ግን ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ "ይሄ ከየትኛው ነው?" ዓይንዎ ሲደክም ባልዲዎቹን መለየት ስላቃተዎት ያለ እኔ ቃል አይጎርሱም ነበር። እኔም አንድ ቀን እንኳ አላታለልኩዎትም።

ባንክ ውስጥ ምን እንደምሠራ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ዛሬ ልንገርዎ። የሰንበቴ ከተማ ገበያ በዋለ ማግስት መስኮቴ ፊት ሰልፉ እስከ በር ይደርሳል። ከብት የሸጡ ሽማግሌዎች ጠጋ ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወለዱን እንዳታስገቢብኝ፣ የራሴን ብቻ" ይሉኛል። እኔም ሒሳባቸው ላይ ወለድ እንዳይታሰብ አድርጌ አሳያቸዋለሁ። መርቀውኝ ይሄዳሉ። በእያንዳንዳቸው ፊት ላይ እርስዎን አይ ነበር። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ከሰው ብር ላይ ወለድ ሳነሳ እውላለሁ፤ ከእኔ ደሞዝ ላይ የሚያነሳልኝ ግን የለም።

አልሞከርኩም እንዳይሉኝ። ሥራ አስኪያጃችንን ጋሽ ባንተይርጋን ከወለድ ነፃ ወደሚባለው መስኮት እንዲያዛውሩኝ ለመንኳቸው። መልካም ሰው ናቸው። "የግማሽ ቀን ሠራተኛ እዚያ አይመደብም፣ ግን ለአባትሽ ከሆነ እስቲ ላናግር" አሉና ለፍተው አስፈቀዱልኝ። የዚያን ቀን ደስታዬ! ኮሌጅ የገባሁ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም። እቤት ደርሼ ስነግርዎ ቁፍታ ቆብዎን አስተካከሉና "ጥሩ ነው" አሉኝ። "ደሞዝሽን የሚከፍልሽ ግን ሌላ ባንክ ነው?"

ደሞዙ የሚወጣው ከዚያው ካዝና ነው። ዝውውሩን ትቼ እዚያው መስኮቴ ላይ ቀረሁ።

ሱቁ ጨርሶ ሲዘጋ የእርስዎ ባልዲ መጉደል ጀመረ። የጠብታውም ነገር መጣ። አንድ ቀን ጠብታውን ላደርግልዎ ቀና ብለው ከተቀመጡ በኋላ እጄን ያዙኝ። "ዓፊያ፣ ይሄ በምን ተገዛ?" አሉኝ። እውነት ለመናገር ጥያቄው እንደሚመጣ አውቅ ነበር። "በደሞዜ ነው አባዬ" አልኩዎ። ብልቃጡን ከእጄ ተቀብለው በጣትዎ ዳብሰው ከደኑትና መለሱልኝ። "የቸገረው ሰው ፈልገሽ ስጪው" አሉ።

ያከራዩን እትዬ ገበያነሽ በር ላይ ቆመው ሰምተው ነበር። ወደ ግቢው ጎትተው አወጡኝና "አንቺ ልጅ፣ እግዜር ይይልሽ! ምን ነበረበት 'ባረጀው የስፌት መኪና ሽያጭ ነው' ብትይው? ለዓይን እኮ ነው!" ብለው ጮሁብኝ። እኔ የማውቀው እርስዎ እንዲህ አድርገው እንዳሳደጉኝ ነው፤ ቃል አማና፣ አደራ ነው ብለው። እትዬ ገበያነሽ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ በደንብ አላናገሩኝም።

ሸህ ሙሀመድኑርንም ቤት ድረስ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። "በድሩ፣ ይሄ ዳሩራ ነው፣ ችግር ያስገደደው፤ ዓይንህን ልታድንበት ይፈቀድልሃል" አሉዎት። እርስዎም "ሸህ፣ ዳሩራ ለተቸገረ ነው። እኔ ገና አንድ ዓይን አለኝ" አሏቸው። ሸሁ ራሳቸውን ነቅንቀው ዱዓ አድርገው ሄዱ። ያን ቀን በጣም ተናደድኩብዎት። አሁንም ተናድጄብዎታለሁ። ኩራት ይሁን ተቅዋ፣ አላህን መፍራት፣ መለየት አቅቶኝ ስንት ጊዜ ብቻዬን ተከራክሬያለሁ። በጎን ደግሞ እኮራብዎ ነበር፤ ይሄ ነው የከፋው።

ባልዲዎ ባዶ የሆነ ቀን አልተጣላንም። ወንፊቱን አጥበው ሰቀሉት፣ ጀለቢያዎን ጠቅልለው በፌስታል ያዙ፣ "ዙቤይዳ ጋ ልክረም" አሉኝ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁዎ። ወደ ጨፋ ሮቢት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ፊቴን ሲፈልጉ አየሁ፤ እኔ በሌላው በኩል ቆሜ ነበር። ጠርቼዎት ወደዚያ መዞር አቃተኝ።

ባንኩን ለምን አልተውሽም ይሉ ይሆናል፣ ወይም አይሉም። ብተወው ኮሌጁን እተዋለሁ። ኮሌጁን ብተው ሌላ ሥራ የለኝም። ሱቅ ጠይቄያለሁ፣ ልጆች ላስጠና ብያለሁ፣ በጸጥታ ችግር መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ከተማው ራሱ ሥራ ያጣል። መውጫውን ፈልጌ ፈልጌ ደክሞኛል።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደወለች። ግራ ዓይንዎ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ቀኙም ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። ደሴ ያለው ሐኪም "ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገ ይሄም ይሄዳል፣ ቢደረግም ቃል አልገባም" ብሏታል። ለቀዶ ጥገናው የሚሆን ገንዘብ እኔ ጋ አለ። ከደሞዜ እየቆነጠርኩ ለዚሁ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። አክስቴ በስልኩ ውስጥ ድምፅዋን ቀንሳ "ፍየሎቼን ባቲ ገበያ ሸጥኩ እለዋለሁ። ፍየል እንደሌለኝ አያይ" አለችኝ። "አያይ" ካለች በኋላ ቶሎ ተሰናብታኝ ስልኩን ዘጋች።

ነግራዎታለች። እርስዎ የመለሱላትንም ነገረችኝ። "አንቺን አላምንሽም፣ አንቺ እህቴ ነሽ፣ ለእኔ ብለሽ ትዋሻለሽ። ዓፊያ ትንገረኝ። ዓፊያ በጠብታው እንኳ አልዋሸችኝም።"

ሌላ ማንንም ቢጠይቁ ኖሮ! ሸሁን ቢጠይቁ፣ መሊካን ቢጠይቁ፣ ማንም ያለ ሐሳብ ይዋሽልዎት ነበር። ከዓለም ሁሉ መርጠው የማትዋሸውን ልጅዎን ጠየቁ።

ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ ደወሉ። ባንክ ስለነበርኩ መስኮቴን ዘግቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ድምፅዎ ከስቷል። ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፣ ስለ እትዬ ገበያነሽ ጠየቁኝ፣ ከዚያ ጉሮሮዎን ጠረጉ።

"ዓፊያ። የሐኪሙ ገንዘብ የዙቤይዳ የፍየል ገንዘብ ነው ይሉኛል። ማል ጄታ፣ ኢንተላ ኮ? አንቺ ምን ትያለሽ?"

"አዎ አባዬ" አልኩ። "የፍየሏ ነው።"

"ከባንክ የገባበት የለም?"

"የለም።"

ያወቁ መሰለኝ፤ ቢያውቁ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ረዥም ትንፋሽ ሰማሁ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ። "አንቺ ካልሽ ነው። በይ እሄዳለሁ፣ ልታከም።" እያለቀሱ ነበር አባዬ፣ በደስታ። ሐኪሙን ፈርተው እንዳልነበር ያኔ ገባኝ። መታከም ይፈልጉ ነበር። ይህን ያህል ጊዜ መዳን እየፈለጉ፣ የሚያምኑት ሰው ገንዘቡ ንጹሕ ነው እስኪልዎ ነበር የሚጠብቁት።

ወደ መስኮቴ ተመልሼ ሰው አስተናገድኩ። አንድ ሽማግሌ "ወለዱን እንዳታስገቢብኝ፣ ባንቺ አማና" አሉኝ። "እሺ አባቴ" አልኳቸው። ደብተራቸውን ግን አጠገቤ ላለችው ልጅ አሳለፍኩት፤ እሷ ጨረሰችልኝ።

ምን አተረፍኩ ብዬ አስቤያለሁ። ሐኪሙ ጥሩ ቢሠራ እንኳ ግራው አይመለስም፣ ሱቁ አይከፈትም፣ መርፌ ደግመው አይዙም። ቢበዛ የሚተርፍልዎ ያ ጥላ ነው። ካልሠራ ደግሞ እሱም ይሄዳል። ለዚያ ጥላ ብዬ ነው ባለፉት ዓመታት ሁሉ ሳልነካው የጠበቅኩትን ቃሌን የሰጠሁት። ከእንግዲህ እቤት መጥተው "ይሄ ከየትኛው ነው?" ቢሉኝ እውነቱን ብናገር እንኳ ቃሌ አንዴ የዋሸ መሆኑን የማውቀው እኔ አለሁ። ከመብላትዎ በፊት የሚጠይቁት ሰው የለዎትም፤ እርስዎ ግን አለኝ ብለው ያስባሉ።

አላህ ይቅር ይለኝ እንደሁ አላውቅም። ሸህ ሙሀመድኑር ይፈቀድ ነበር ይሉኝ ይሆናል። እርስዎ ግን አይፈቅዱም። እኔ የምፈራው እርስዎን ነው።

ቅዳሜ አክስቴ ይዛዎት ስትመጣ ከሚሴ መናኸሪያ እጠብቃችኋለሁ። ከኮሌጅ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ጋሽ ባንተይርጋም እሺ ብለውኛል። ጎንዎ ተቀምጬ ደሴ ድረስ እጅዎን እይዛለሁ። መንገድ ላይ ደግመው ከጠየቁኝ፣ አባዬ፣ ደግሜ እዋሽዎታለሁ።

ልጅዎ
ዓፊያ በድሩ
ከሚሴ