ከበረዶ ሥር ሰብለን ማን ይፈልጋታል?

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 9፣ 2018፣ ከሰዓት

ከሻኮፒ መጋዘን ገባሁ። አሥር ሰዓት ሙሉ ካርቶን ስደረድር። እግሬ የኔ አይደለም። ሰብለ ሶፋው ላይ ናት። ስልኳ ላይ ስሜን «የሆስፒታል አለቃ» ብዬ ቀይሬው ነበርና ከኪችን ደወልኩላት። ብድግ ብላ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ድምጿን አቅጥና «ሄሎው?» አትልም! ትራሱ ፊቴ ላይ አረፈ። ደህና ቀን ነው፣ ደብተር።

ስማ እንግዲህ። ታላቅ እህቴ ሰብለ በፌብሩዋሪ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ሞንታና ትሄዳለች። ተራራ፣ መንገድ የሌለበት በረዶ፣ በበረዶ ጫማ። መሪያቸው ዴቭ የሚባል ረጅም ፈረንጅ ነው። ቢከን ያልያዘ መኪናዬ ውስጥ አይገባም ብሏል። ቢከን ደረት ላይ የሚታሰር፣ ሳሙና የሚያክል ዕቃ ነው። ሲግናል ይልካል። የበረዶ ናዳ ከቀበረህ፣ ጓደኛህ የራሱን ወደ ፍለጋ ያዞርና ቀስቱንና የቀረውን ሜትር የሚነግረውን ቁጥር እየተከተለ ያወጣሃል። ሩብ ሰዓት ካለፈ ግን... ተወው።

ስለዚህ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ነው የሚሄደው። የሰብለ ጥንድ እጇ ተሰብሮ ቀረች። ጥንድ ካጣች ሰብለም ትቀራለች። እኔ አለሁ አልኩ። ሻይዋ በአፍንጫዋ እስኪወጣ ሳቀች።

ምንም አልመሰለኝም። (መስሎኛል።)

ሐሙስ፣ ጃን. 11

ኦፍ ነኝ። ፕሊማውዝ፣ የተራራ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ወሰደችኝ። ለምን እኔን? አንተ ከቻልክበት ማንም ይችልበታላ! አለች። እኔ ደግሞ የተከበርኩ መስሎኝ።

ሦስት ቢከን ቀረበ። አንዱ ዴቭ ያዋሳት አሮጌ። ቀስት የለው፣ ጲጵ ጲጵ ብቻ። ሁለተኛው ሜኑው ብዛቱ፣ አውሮፕላን የሚያስነሳ ይመስላል። ሦስተኛው ቢጫ፣ አንድ ማዞሪያ፣ ቀስት፣ ቁጥር። አለቀ።

የሰብለ አመራረጥ ሌላ ነው። አንድ ቢከን ሱቁ ውስጥ ደብቃ ወፍራም ጓንት አስጠለቀችኝ። ሦስት ጊዜ አሽከረከረችኝ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጩኸት፦ «ቶሎ በል! ሚኪ! አየር አጣሁ እኮ! ምን ትንቀረፈፋለህ!» ሱቁ በሙሉ ዞሮ ያየናል። በአሮጌው ድምፁን ተከትዬ ሄጄ፣ ሱሪ በሚለካ ሰውዬ ላይ መጋረጃ ከፈትኩ። በባለ ሜኑው ቋንቋውን ጀርመንኛ አደረግኩት። እንዴት እንደሆነ አትጠይቀኝ። በቢጫው ቀጥ ብዬ ሄጄ ከጫማ ሳጥን ውስጥ አወጣሁት።

ፂማሙ ሻጭ ባለ ሜኑው ከሩቅ ይሰማል እያለ ሊያግባባት ሞከረ። ሰብለ ፍንክች አላለችም። ቢከን የሚመረጠው ለሚታሰርበት ሰው አይደለም፣ ለሚፈልገው ሰው ነው፤ እኔ ከሥር ስሆን የሚሠራው የሱ እጅ ነው፣ አለችው። በጣቷ እኔን እያሳየች።

የሱ እጅ። ሰማህ፣ ደብተር? ሁለት ቢጫ ይዘን ወጣን።

ቅዳሜ፣ ጃን. 13

ፍሮግታውን፣ ከጋሽ ቱሉ ሱቅ ጀርባ ያለው ፓርኪንግ። ጠራጊው መኪና የከመረው በረዶ ሁለት እኔን ያህላል። እኔ ልቀብር፣ እሷ ልትፈልግ።

አልቀበርኩም። ቢከኔን የጃኬቷ ኮፍያ ውስጥ ጣል አደረግኩት።

ክምሩን ዞረች። ዜሮ ነጥብ ስድስት። ላዩ ላይ ወጣች። ዜሮ ነጥብ ስድስት። በአራት እግሯ ሄደች፣ በአካፋ ቆፈረች፣ አሁንም ዜሮ ነጥብ ስድስት። ጋሽ ቱሉ ወጥተው፣ ወርቅ ጣልሽ እንዴ ልጄ፣ ሲሏት እኔ በረዶው ላይ እንከባለላለሁ።

ኮፍያዋ ውስጥ እጇን ከተተች። አልጮኸችም። ሰብለ ካልጮኸች ነገር አለ። ቀስ ብላ፣ ሰኞ ለዴቭ ያንተን ስም ልሰጠው ነበር አለች። እስከ ቤት ሬድዮ አልተከፈተም።

የሚያናድደኝ ቀልዱ ጥሩ መሆኑ ነው።

ማክሰኞ፣ ጃን. 16

ይቅርታ ጠየቅኩ። ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው ሳልስቅ።

ከሥራ ስመለስ ልምምድ። ራስህ ደብቀህ ራስህ መፈለግ አይሆንም፤ እማዬን፣ ቢከኑን አንቺ ደብቂልኝ አልኳት። ደብተር፣ እኔ ክፋቱን ከማን እንደወረስኩ ዛሬ ገባኝ። መጀመሪያ ምስሩ ጆንያ ውስጥ። ቀጥሎ የልብስ ማድረቂያው ድራየር ውስጥ፣ በፎጣ ጠቅልላ። በሦስተኛው ቤቱን ሙሉ ስዞር ቁጥሩ ሶፋው ጋ ሲደርስ ይወርዳል፣ ትራሱን አነሳለሁ፣ የለም። እሷ እጇን አጣጥፋ ቲቪ ታያለች። ጡቷ ሥር ሸጉጣዋለች! «ፈልግ እንጂ፣ አንተ ውርጋጥ» ትለኛለች።

ከዚያ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። አፌ አያርፍ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሞንታና ሽርሽር ነበር የሚመስላት። ቲቪውን አጠፋች። ይሄ ሳሙና እምቢ ቢልስ? አለች። አይልም ብዬ ከፍቼ አሳየኋት፣ ባትሪው በዚህ ይገባል፣ በሯ በዚህ ትዘጋለች። አገላብጣ አየችው።

ሰብለ ከበሩ ሆና ስታየን ነበር። እሑድ ዴቭ ይፈትንሃል፣ በአምስት ደቂቃ ካገኘህ ጥንዴ ነህ አለች። ካላገኘህ ሁለታችንም እዚሁ ነን።

እሑድ፣ ጃን. 21

ጠፋሁ፣ ደብተር።

ፓርኩ ውስጥ ቆመናል፣ ስምንት ሰው። ሰብለ የራሷን ቢከን አበራች። ድርግም። ከፈተችው። ውስጡ ውሃ፣ ዳር ዳሩን በረዶ ይዞታል። ሰባቱም ወደ እኔ ዞሩ። ማልኩ። ማን ይሰማል? ኮፍያ ውስጥ የከተተ ልጅ ውሃ ውስጥስ ቢከት? ዴቭ ፈተናውን ሰረዘው። ሰብለ «ሳቅ እንግዲህ» ብላኝ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ቤት ስንገባ እማዬ በክንዴ ጎትታ ኪችን አስገባችኝ። ቤ/ክ የዓርቡን ጥምቀት ወደ ቅዳሜ አዙሮ ያከበረው ትናንት ነው። እኔም ሰብለም ሥራ ነበርን። እማዬ የሰብለን ሳሙና በቦርሳዋ ይዛ ሄዳለች። ቄሱ ጠበሉን ሲረጩ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። ያቺን በር ከፍታ! «ውጭ ውጩን ብቻ ቢረጩት ምን ዋጋ አለው ብዬ ነው» ትለኛለች በሹክሹክታ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አፌን ይዤ ሳቅኩ። ቀና ስል እያለቀሰች ነው። አትንገራት አለች። እኔ እንዲሠራ ነው እንጂ እንዲበላሽ መች ፈለግኩ፣ የኔ ጌታ።

አልነግራትም። ከተናገርኩ እኔ ነጻ፣ እማዬ ጥፋተኛ። ዝም ካልኩ ሞንታና ቀረ።

ሰኞ፣ ጃን. 22

እራት ላይ፣ እኔ ነኝ አልኩ። ሲንክ ውስጥ ነከርኩት።

ሰብለ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ትኩር ብላ አየችኝ። ስትነክረው ሳቅክ? ብላ ጠየቀች። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አልሳቅኩም አልኩ።

«አንተ ከተወለድክ ጀምሮ ሳትስቅ ያጠፋኸው ጥፋት የለም። ማንን ነው የምትሸፍነው?»

እማዬ ውሃ አነቃት። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ዘረገፈችው፣ ቄሱን፣ በሯን፣ ባትሪውን። ሰብለ ትጮሃለች ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። ዞራ ሄዳ እማዬን ከኋላዋ አቀፈቻት። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ከተቀመጥኩበት አይለይም።

ሳህን ሳጥብ ስልኳን አሳየችኝ። ለዴቭ ጽፋለች፦ ጥንዴ ሚኪያስ ነው።

ቅዳሜ፣ ፌብ. 3

አዲስ ቢጫ ተገዛ። ያው ዓይነት። እጄ ለምዶታል።

ፈተና። እማዬም መጣች፣ ሁለት ካፖርት ደርባ። ዴቭን አላምነውም፣ እኔ ራሴ ነኝ የምቀብረው አለች። ዴቭ ቢከን ያለበት ቦርሳና አካፋ ሰጣት። ጀርባችንን አዙረን ቆምን። ስታለከልክ ይሰማኛል።

«ጀምር!»

ሠላሳ አራት። ሃያ ሁለት። ቀስቱ ወደ ግራ። ሰብለ አልጮኸችብኝም፣ ግን ጆሮዬ ውስጥ አየር አጣሁ ትላለች። ስምንት። ሦስት። ተንበረከክኩ። ዜሮ ነጥብ ስድስት ሲል ኮፍያዬን ዳበስኩ። ባዶ ነው። ቆፈርኩ። ቦርሳው ወጣ።

አራት ደቂቃ አልሞላም። ዴቭ አውራ ጣቱን አነሳ። እማዬ፦ «እንደገና።» እንደገና አገኘሁ። «አንድ ጊዜ ብቻ።» ሦስት ጊዜ ቀበረች። በሦስተኛው አካፋውን ተደግፋ ቆመችና፣ አንተንስ ማን ይፈልግሃል? አለች። ሰብለ እጇን አወጣች።

ማታውን እማዬ ትንሽ ጠርሙስ ጠበል ሰጠችን። በሦስት ፌስታል ጠቅልላ። ለናንተ ነው፣ ለሳሙናው አይደለም።

ሐሙስ፣ ፌብ. 15፣ ጠዋት

ነገ መንገድ። ሰብለ ቢከኔን ራሷ አሰረችልኝ፣ ማሰሪያውን ጎተት ጎተት አድርጋ። እዚያ በየጠዋቱ አንዳችን የአንዳችንን ቢከን እናያለን። በርቷል? በርቷል። ያንቺስ? በርቷል።

ውሳኔ። ያዝልኝ። ሞንታና ከመኪና ከወረድን ጀምሮ ተመልሰን እስክንገባ ቀልድ የለም። አንድም። እማዬ ፊት ምዬአለሁ።

መንገዱ ግን ሙሉ ቀን ድራይቭ ነው። ስለ መንገዱ አልማልኩም። ስልኳ ቻርጅ ላይ ነው፣ እሷ ሻወር ውስጥ። ጀርመንኛ የሚለው የቱ ጋ ነበር... ቆይ፣ ውሃው ቆመ...